ካሜራዬን ለኢንፍራሬድ ላስከፍተው ወይስ ፊልተር ይበቃኛል?

የወይራ ጥላ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት። ካሜራ ከማስከፈቴ በፊት ልማከራችሁ ብዬ ነው።

አሮጌ ካኖን 450ዲ አለኝ። 18-55 ሌንሱም አብሮት አለ። አምና ሌላ ካሜራ ስለገዛሁ ይሄኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ምንም አልሆነም፣ ይሠራል። እሱን ለኢንፍራሬድ ፎቶ፣ ዐይን በማያየው ብርሃን ለሚነሳው ማለቴ ነው፣ ልለውጠው አሰብኩ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። የእናቴ አገር ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። እዚያ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነው። መሀል ላይ እንደ ደሴት ክብ ደን ይታያል። ደኑ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ስንሄድ፣ ከጽዱና ከወይራው ሥር ስንገባ አየሩ ቀዝቀዝ ይል ነበር። ያንን ቅዝቃዜ እስካሁን ፊቴ ላይ አውቀዋለሁ። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ የደኑ ዳር ሳስቶ አገኘሁት። ስለዚህ ሦስት ዓመት ከአንድ ቦታ ቆሜ ላነሳው ወስኛለሁ። በተራ ካሜራ ሳነሳው ግን ደኑ ከዙሪያው ጋር ይዋጣል። ኢንፍራሬድ ላይ ቅጠል እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ስላየሁ ለዚህ የሚሆነኝ እሱ ነው ብዬ አመንኩ።

አንድ ሙከራ አድርጌያለሁ። የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ሌንሱ አዙሬ ስጫን በላይቭ ቪው (ሌንሱ የሚያየውን በቀጥታ በሚያሳየው ስክሪን) ደብዘዝ ያለች ነጥብ ትታያለች። ትንሽም ቢሆን ያያል ማለት ነው አይደል?

ከሌንሱ ፊት የሚታሰረው ፊልተር ይበቃኛል? ወይስ ይከፈት? ከተከፈተ የትኛው መስታወት ይግባለት? 590 ይላሉ፣ 720 ይላሉ፣ 850 ይላሉ። እዚሁ አገር የሠራው ሰው ካለ ደግሞ ልምዱን ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።

እህታችሁ ነኝ።


ካሜራ ገጣሚው፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ የሪሞቱ ሙከራሽ ትክክል ነው። የአብዛኛው ሪሞት መብራት የሞገድ ርዝመቱ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ካሜራሽ ደብዘዝ አድርጎ ካየው፣ ውስጡ ያለው መስታወት ብዙውን እያገደ ነው ማለት ነው።

እኔ የጥበቃ ካሜራ ነው የምገጥመው። ሲመሽ ካሜራው ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያ ድምፅ ይሄው አንቺ ልታስወጪው ያሰብሽው መስታወት ነው። ቀን ቀለሙ እንዳይበላሽ ብርሃኑን ከሚቀበለው ሴንሰር ፊት ይቆማል። ማታ ገለል ይላል፣ የኢንፍራሬድ መብራቱ ይበራል፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ያንቺ ካሜራ ገለል ማድረጊያ ስለሌለው ነው መክፈት የሚያስፈልገው።

ደንበኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝን አንድ ነገር ላንሳ። ይሄ ካሜራ ሙቀት አያይም። የሰውነት ሙቀት የሚያሳየው ካሜራ የሚሠራው ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ላይ ነው። ሴንሰሩም ሌንሱም ሌላ ነው። አንቺ የምትሠሪበት ከ1 ማይክሮሜትር ግድም አያልፍም። ፀሐይ ሰጥታው ቅጠሉ የመለሰው ብርሃን ነው። ፀሐይ ከሌለች ፎቶሽም የለም።


ጨለማ ክፍል፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ እኔ ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ቤቱ አሁን የለም። ፊልም አጥቤያለሁ፣ ካሜራ ጠግኛለሁ። አሁን ዐይኔ ስለደከመ የምቀበለው ሥራ ጥቂት ነው። ለኢንፍራሬድ አራት ካሜራ ከፍቻለሁ። የመጀመሪያው ተበላሽቶብኛል። አንቺ ማወቅ ያለብሽ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የካሜራ ሴንሰር ሲሊከን ነው። እኛ የምናየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ግድም ያለውን ብርሃን ነው። ሲሊከን እስከ 1,100 ድረስ ያያል። ያ ትርፍ ብርሃን ቀለሙን ስለሚያበላሽ ፋብሪካው ከሴንሰሩ ፊት ቀጭን፣ ውሃ ሰማያዊ የሚመስል መስታወት ያደርጋል። ለኢንፍራሬድ መለወጥ ማለት ያንን መስታወት አውጥቶ በሌላ መተካት ነው።

እኔ ያኔ አወጣሁት እንጂ አልተካሁትም። መስታወት ካልኖረ ብርሃኑ በሙሉ ይገባል፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር። ካሜራውን መልሼ ገጠምኩት። አነሳ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሰገነት ላይ ወጥቼ እንጦጦን ላነሳ ስል አልጠራ አለ። የሌንሱን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አልጠራም። አጠገቤ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ጥርት ብሎ ይታያል። ተራራው ጭጋግ ነው።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብርሃን መስታወት አቋርጦ ሲያልፍ፣ ምስሉ የሚጠራበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሚሄደው የመስታወቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ነው። መስታወቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ፋብሪካው ሴንሰሩን ያስቀመጠው ይሄንን አስልቶ ነው። መስታወቱን ስታወጪው ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ሳይደርስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀድሞ ይጠራል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል ትይ ይሆናል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ5 ሜትር ግድም ወዲያ ያለው አይጠራም። በ18 ደግሞ ከ65 ሴንቲ ሜትር ወዲያ። ያንቺ ደን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። መስታወት ስታዢ እንግዲህ የቀለሙን ቁጥር ብቻ አትጠይቂ። ውፍረቱን ጠይቂ። ለ450ዲ ተብሎ የተቆረጠ መሆኑን አረጋግጪ።

ሁለተኛው ነገር። 450ዲ ውስጥ ያለው መስታወት ሁለት ነው። የፊተኛው እየተንቀጠቀጠ አቧራ የሚያራግፈው ነው። ከኋላው ሰማያዊው አለ። ኮከብ የሚያነሱ ሰዎች የኋለኛውን ብቻ ያወጣሉ። እነሱ የሚፈልጉት የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን ነው፣ 656 ናኖሜትር። ለሱ ይበቃል። ላንቺ አይበቃም፣ የፊተኛውም ኢንፍራሬድ ያግዳልና። ሁለቱም መውጣት አለባቸው። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱን ሥራ ቀላቅለው የሚያስተምሩ ስላሉ ተጠንቀቂ። አቧራ ማራገፊያው አብሮ ስለሚቀር ከዚያ በኋላ ሴንሰሩን የምታጸጂው በእጅሽ ነው።

ስለ መክፈቱ ልንገርሽ። የሚያስፈራው ነገር ለፍላሹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኮንደንሰር ነው። ካሜራው ጠፍቶ፣ ባትሪው ወጥቶ እንኳ 300 ቮልት ያህል ሊይዝ ይችላል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ነክቶት ካሜራውን ከእጁ ወርውሮታል። እኔ ባትሪውን አውጥቼ አሳድረዋለሁ። ከዚያም ስከፍተው መጀመሪያ የማደርገው በሬዚስተር ማራገፍ ነው። ራግፎ እንደሆነ በቴስተር ለክቼ አያለሁ። በካቻቢቴ ጫፍ አገናኝተው የሚያራግፉ አሉ። ቦርዱን ያቃጥላል፣ አታድርጊው።

ካቻቢቴ ካነሳን አይቀር፣ የጃፓን ብሎን ተራውን ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይመስላል እንጂ አይገጥመውም። አንድ ጊዜ ራሱ ከተበላ በኋላ አይፈታልሽም። ለጃፓን ብሎን የተሠራውን ፈልጊ። የፈታሽውን እያንዳንዱን ብሎን ወረቀት ላይ የካሜራውን ሥዕል ሠርተሽ፣ በወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፊው። ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ካስገባሽው ቦርድ ይበሳል። ጠፍጣፋዎቹን ገመዶች በወረንጦ አትጎትቺ፣ መጀመሪያ መቆለፊያቸውን አንሺ።

ሴንሰሩን የያዙት ብሎኖች ስንት ዙር እንደተፈቱ ቁጠሪና ጻፊ። ሲመለሱ በዚያው ልክ ነው የሚገቡት። የአንዱ ትንሽ መላላት የፎቶሽን አንድ ጎን ያደበዝዘዋል።

አቧራ ደግሞ አለ። አዲሱ መስታወት ሥር የገባ አንድ ብናኝ ፎቶሽ ሰማይ ላይ ሁልጊዜ ይኖራል። እኔ ክፍሉን ዘግቼ፣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፌ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ነው የምጀምረው። መስታወቱን ከመክደኔ በፊት በጎማ ማናፈሻ እነፋለሁ። በአፍ አይነፋም።

ምርጫሽ ጥሩ ነው። 450ዲ ላይቭ ቪው ስላለው ነው እንዲህ የምልሽ። በመመልከቻው ስታነሺ ፎከሱን የሚለካው ምስሉን ወደ መመልከቻው ከሚመልሰው መስተዋት ሥር ያለ ሌላ ሴንሰር ነው። እሱ የሚለካው ዐይን በሚያየው ብርሃን ነው። ኢንፍራሬድ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ነው የሚጠራው። የድሮ ሌንስ ላይ ከፎከስ ምልክቱ ጎን ቀይ ነጥብ ታያለሽ፣ ለዚሁ የተደረገች ናት። በላይቭ ቪው ግን ሴንሰሩ ራሱ ያየውን ነው የምታዪው። አይሳሳትም።

ይሄን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ ምክሬ ግን አሁኑኑ ክፈቺው አይደለም። መጀመሪያ ከሚያውቁሽ ሰዎች ሆያ አር72 የሚባለውን የኢንፍራሬድ ፊልተር ተዋሺ። ለሌንስሽ 58 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው። ቀትር ላይ ትራይፖድ አድርገሽ 30 ሰከንድ አንሺ። ኢንፍራሬድ የምትፈልጊውን የሚሰጥሽ መሆኑን አይተሽ ከዚያ እንነጋገራለን።


ሐምራዊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ ስለ መስታወቱ ውፍረት ያሉትን እኔም እመሰክራለሁ። የኔን የለወጠው እዚህ ያለ ድርጅት ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ከየትኛው ሌንስ ጋር ነው የምትጠቀሚው?» ብለው ነው። ፎከሱን በሱ ያስተካክሉታል።

እህቴ፣ ስለ ቁጥሮቹ እኔ ልመልስልሽ። ቁጥሩ ብርሃን ማሳለፍ የሚጀምርበት ቦታ ነው። 590 ብርቱካናማና ቀይ ብርሃንም ያሳልፋል። ቀለም ይበዛዋል፣ ቅጠሉ ወርቃማ ይሆናል። ለሠርግ ካርድ ያምራል። 850 ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፣ ሰማዩ ክስል ብሎ ይጠቁራል። 720 በመሀል ነው። ጥቂት ቀለም ይቀርለታል፣ ወደ ጥቁርና ነጭ ስትለውጪውም ጠንካራ ነው። ደን ለመመዝገብ እኔ ብሆን 720 አደርጋለሁ።

ሌላም አለ፣ ንጹሕ መስታወት የሚገባበት። ካሜራው ሁሉንም ያያል፣ አንቺ ከፊት የፈለግሽውን ፊልተር ታስሪያለሽ። ግን ጥቁር ፊልተር ስታስሪ በመመልከቻው ምንም አይታይሽም። ሁሌ በላይቭ ቪው ነው። ውስጡ 720 ከገባ ግን መመልከቻው እንደ ድሮው ነው። ገጠር ፀሐይ ላይ ቆሞ ስክሪን ማየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቂዋለሽ።

በሮው (ካሜራው ገና ባላቀናበረው ፋይል) አንሺ። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለሙን ሚዛን፣ ፀሐይ ያረፈበት አረንጓዴ ሣር አንስተሽ በሱ አስተካክዪው። እንደዚያ ካላደረግሽ ሁሉም ነገር ቀይ ነው የሚመጣው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ስትከፍቺው ደግሞ ተመልሶ ቀይ ይሆንብሻል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ካሜራዬ ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም። የላይትሩም የቀለም ሙቀት ከ2,000 ኬልቪን በታች አይወርድም፣ ኢንፍራሬድ ደግሞ ከዚያ በታች ይፈልጋል። ለካሜራሽ የራሱን ፕሮፋይል ትሠሪለታለሽ፣ ወይም በካኖን በራሱ ሶፍትዌር ትከፍቺዋለሽ። እሱ ካሜራው ላይ ያስተካከልሽውን ይቀበላል። ሰማዩን ሰማያዊ ለማድረግ ከፈለግሽ ፎቶሾፕ ላይ ቀዩንና ሰማያዊውን ቻናል ታለዋውጫቸዋለሽ።

ካህናቱን ልታነሺ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥቁር ልብስ በኢንፍራሬድ ሁልጊዜ ጥቁር አይደለም። ቀለሙ ኢንፍራሬዱን ካልዋጠው ግራጫ ወይም ሐምራዊ ይሆናል። በ2006 የወጣው ላይካ ኤም8 ውስጡ ያለው መስታወት ደካማ ስለነበር ጥቁር ልብስ ሐምራዊ እየሆነ አስቸግሮ ነበር። የሰው ቆዳም ሰም ይመስላል፣ ዐይን ይጨልማል። እኔ አክስቴን አንስቼ ፎቶውን ስታየው ደንግጣለች። ከማንሳትሽ በፊት ምን እንደሚመስል አሳዪያቸው።


የወይራ ጥላ፣ ባሕር ዳር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። አር72 ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ተዋስኩ። ጣና ዳር ወርጄ በ6 ሰዓት፣ 30 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 8 አነሳሁ።

የመጀመሪያው ሲወጣ ቀይ ብቻ ነው። ቤት ገብቼ ሐምራዊ እንዳለችኝ ሣሩን ዋይት ባላንስ ሳደርገው ዋርካው ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። ሐይቁ ጥቁር ነው። ደመናው አንድ በአንድ ተለይቶ ይታያል። እናቴ አይታው «በረዶ ጥሎ ነው?» አለችኝ።

ግን ንፋስ አለ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ ተንቀሳቅሶ ጥጥ መሰለ። እኔ የምፈልገው የዛፉን ዳር አንድ በአንድ መቁጠር ነው። በዚህ አይቆጠርም። ፎከስ ለማድረግም ፊልተሩን ማውለቅ፣ ማስተካከል፣ መልሶ ማሰር ነው። ስታሰር ሌንሱ ይነቃነቃል።

ከተከፈተ በኋላ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በእጅ ይዞ ማንሳት ይቻላል?


ጨለማ ክፍል፣ አዲስ አበባ

ይቻላል። የኔ 720 ካሜራ በፀሐይ፣ አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 8 ላይ በ1/125 ሰከንድ ግድም ያነሳል። ንፋስ አያሳስብሽም። ካሜራው ብርሃን የሚለካው ዐይን በሚያየው ስለሆነ በመለኪያው አትመኚ። አንሺ፣ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እዪ፣ አስተካክዪ። በተለይ ቀዩን ቻናል እዪው፣ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው።

ሌንስ ላይ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ሌንስ በኢንፍራሬድ መሀሉ ላይ ነጭ ክብ ያወጣል። በተራ ፎቶ የማይታይ ነጸብራቅ ነው። ብዙ ሰው የሚወደው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ካኖን እንደዚያ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ባጠበብሽው ቁጥር ክቡ ጎልቶ ይወጣል። ያንቺ 18-55 ግን ለኢንፍራሬድ ደህና ከሚባሉት ነው። ሌላ ሌንስ አትግዢ።


አፈርና ውሃ፣ ጎንደር

ውይይታችሁን ሳነብ ቆይቻለሁ። እኔ የግብርና ሰው ነኝ፣ ካሜራ አልከፍትም። ስለ ደኑ ግን ልጨምር።

ቅጠል ኢንፍራሬድ ላይ ነጭ የሚሆነው በአረንጓዴው ቀለሙ አይደለም። አረንጓዴው ኢንፍራሬዱን ያሳልፈዋል። የሚመልሰው የቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ነው። እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1910 እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ስላሳየ ነገሩ በስሙ ይጠራል።

ስለዚህ ሁሉም ዛፍ እኩል አይነጣም። ሰፊ ቅጠል ያላቸው፣ እንደ ዋንዛ ያሉት፣ ይፈካሉ። ጽድ ይጠቁራል። ደንሽ ውስጥ ጽዱ የት እንዳለ ፎቶው ራሱ ይነግርሻል፣ ይሄ ለሥራሽ ትልቅ ጥቅም ነው። ባሕር ዛፍ ግን ነጭ ነው የሚሆነው። ከአገር በቀሉ ሰፊ ቅጠል ዛፍ በኢንፍራሬድ ብቻ ትለዪዋለሽ ማለት ይከብዳል። በቅርጹ ነው የምትለዪው።

ወሩን ምረጪ። ጥር ላይ መሬቱ ገለባ ለብሷል። ደረቅ ገለባም በኢንፍራሬድ ይፈካል። መስከረም ላይ ሰብሉም ሣሩም ለምለም ስለሆነ ሁሉም ነጭ ነው። ደኑ ጎልቶ የሚወጣው መሬቱ ታርሶ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ገና ሳይበቅልበት ነው። እርጥብ ጥቁር አፈር በኢንፍራሬድ ይጨልማል። በኔ ግምት ሰኔ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ጠዋት ፀሐይ የምትወጣበትን ቀን ትጠብቂያለሽ። ሦስቱንም ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ይሁን። የማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ የድንጋይ አጥሩ፣ ፎቶው ውስጥ ይግባ። ብርሃኑ ከዓመት ዓመት ቢለያይ በሱ ታነጻጽሪዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ከአንድ ፎቶ ተነስተሽ «ይሄ ዛፍ ነጭ ስለሆነ ጤነኛ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። የዕፅዋት ጤና የሚገመተው ኢንፍራሬዱን ከቀዩ ብርሃን ጋር በማነጻጸር ነው። 720 የገባበት ካሜራ ቀዩን ለብቻው አይሰጥሽም። ለዚያ ሳተላይት አለልሽ። ላንድሳት ከ1972 ጀምሮ ኢንፍራሬድ አንስቷል። ሴንቲኔል 2 ከ2015 ወዲህ አንዱን ነጥብ በ10 ሜትር ያሳያል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የደኑን ስፋት ከነሱ ውሰጂ። ከመሬት ቆመሽ የምታነሺው ደግሞ እነሱ የማያዩትን፣ የዳሩን ዛፍ አንድ በአንድ ያሳይልሻል።


የወይራ ጥላ፣ ባሕር ዳር

ሰኔ የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ለመስከረም ነበር የተዘጋጀሁት። አሁን ቀየርኩት።

ወስኛለሁ፣ ይከፈታል። 720 ነው የማዘው። ለ450ዲ የተቆረጠ መሆኑንና ውፍረቱን የሚጽፍ ሻጭ አግኝቻለሁ። ሜሪላንድ ያለችው የአጎቴ ልጅ ስትመጣ ታመጣልኛለች። እኔ ብቻዬን ግን ኮንደንሰሩን አልነካም። ጋሼ፣ አዲስ አበባ ይዤ ብመጣ አጠገብዎ ሆኜ ሊሠሩልኝ ይችላሉ? ብሎኑን እኔ እቆጥራለሁ፣ ዐይኔ ጥሩ ነው።


ጨለማ ክፍል፣ አዲስ አበባ

ነይ ልጄ። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ባትሪውን ከቤትሽ ስትወጪ አውጪው። ካሜራውን ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ፣ 18-55ቱንም አምጪ። ፎከሱን የምናስተካክለው በሱ ነው። ሠርተን ስንጨርስ ሰገነቱ ላይ ወጥተን እንጦጦን እናነሳለን። እሱ ከጠራ ደንሽም ይጠራል።